የመሪጌታ ሶል

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ምንጣፍ የማነጥፍ እኔ ነኝ፤ በሙጫ አመራረጥ አልታማም። የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ሳነጥፍ ለውስጡ አንድ፣ ለደጃፉ ሌላ ሙጫ ይዤ ብመጣ መሪጌታ ሳቁብኝ።

“ሙጫ ሁሉ ያው ሙጫ አይደለም እንዴ?”

“የደጃፉ የሐምሌን ዝናብ ይችላል፣ የኔታ።”

የደጃፉን ጠርዝ ቀብቼ፣ ትንሽ እስኪደርቅ ውስጥ ገባሁ። መሪጌታ ሥራዬን ሊያዩ መጡና እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ። ሙጫው ላይ! ሲወጡ ጫማው አልነሣ አለ። ለሁለት ሆነን ብንጎትተው ላዩ መጣ፣ ሶሉ ቀረ።

አለቀልኝ አልሁ በልቤ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ሶሉን ነካ ነካ አደረጉት።

“እንዳትነቅለው!” አሉኝ። “ሶሉ እንዲታይ ምንጣፉን ዙሪያውን አንጥፈው። የቡሬ ካህናት ለበዓል ሲመጡ የኛን ሙጫ አሳያቸዋለሁ።”