የፍልሰታው አውራ ዶሮና የባምባሲ ጎተራ

ፀሐዩን ለጻድቁም ለኃጥኡም የሚያወጣ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የዚህ ማስታወሻ ምክንያት ግን አንድ አውራ ዶሮ ነው።

ነሐሴ ፫፣ ንጋት፣ አሶሳ

ኪዳን አድርሼ የባምባሲ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። የንስሐ ልጄ የአቶ ካሳዬ ልጅ፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ሰብለ፣ አብራኝ ነበረች። መንገዱ ጭቃ፣ የማንጎው ቅጠል ጠብታ ብቻ ነው።

«አባ፣ ለዝናብ የጸለዩት እርስዎ ነዎት?» አለ ሹፌሩ መሪውን እየታገለ።

«አዎን።»

«እንግዲያው በቃ ይበሉልን!»

ረፋድ፣ ባምባሲ

አቶ ካሳዬ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው። በቤቱ ልማድ ፍልሰታ ሲፈታ የነፍስ አባት ዶሮ ይበላል፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ልማዱን ተቃውሜ አላውቅም። አውራ ዶሮው በግቢው ይንጎራደዳል፤ የካሳዬ ባለቤት ወይዘሮ የሺ በቆሎ ትበትንለታለች። ጎተራው ግን ወለሉ ይታያል፤ የማሳው በቆሎ ገና አበባ ላይ ነው።

«ከሰኔ ጀምሮ ለእርስዎ እያደለብነው ነው» አለ ካሳዬ በኩራት።

«ቁና ሙሉ በልቷል» አለች የሺ፤ በኩራት አልነበረም።

ሰብለ ሳቀች። «አባ፣ በቆሎው ከፀሐይ ያገኘውን ጉልበት ዶሮው በላው። ሥጋ የሚሆነው ግን ከአሥር አንድ እጅ ቢሆን ነው።»

«ዘጠኙን ማን ሰረቀው?»

«ሮጠበት፣ ጮኸበት፣ ገላውን አሞቀበት። የቀረው እዚያ ጥግ አለ» ብላ ኩሱን አሳየችን።

ከአሥር አንድ! አሥራቱን ሳያጓድል የሚያስገባ ምእመን በዚህ ወረዳ ያየሁት ይህንን ዶሮ ብቻ ነው። በልቶ መጮኹንም ልነቅፈው አልቻልሁም፤ የእኛም የማኅሌት ሰዎች ሙያ ነውና።

ዛሬ ቢታረድ ጾም ነው፤ እስከ ፍቺ ቢቆይ የልጆቹን ቂጣ ይጨርሳል። የሺ ጎተራውን ታያለች።

«ለጎረቤታችሁ ለሸህ ሐሚድ ስጡት» አልሁ።

«የእርስዎን ዶሮ?» ካሳዬ ደነገጠ።

«በነፍስ አባትነቴ አዝዣለሁ።»

ሸህ ሐሚድ አማርኛን በራሳቸው መንገድ የሚናገሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። በምትኩ ቁና ማሽላ አስይዘው መጡና ዶሮውን በብብታቸው ሸጎጡ።

«ወላሂ፣ ይሄ ዶሮ በሬ ነው! አባ፣ ፆም ሲፈታ አንተ ምን ይበላል?»

«ገንፎ» አልሁ፤ ምላሴ ግን አልተስማማችም።

ነሐሴ ፲፮፣ ባምባሲ

ከቅዳሴ መልስ የማሽላው ገንፎ ቀረበ። ልጆቹ ሁለቴ አስጨመሩ፤ የሺም ስትጨምር ጎተራውን አላየችም። መካከሉ ላይ ቅቤ ቀልጧል። ሰብለ ስለ ላሚቱና ስለበላችው ሣር ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ ፈጥኜ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ጎተራህን እስከ እሸት ያድርስልህ፤ ቤተሰብህን ከገበታው አያጉድል፤ ዶሮህንም ዝምተኛ ያድርግልህ። አሜን።