ተልባና ጠበል

አባቴን፣ አባየን፣ ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ውሃ ጠላታቸው ሆነ። አንድ ጉንጭ ሲቀምሱ ትን ይላቸዋል፤ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እኔም አብሬ እሞታለሁ። ሐኪሙ ወፈር ያለ ነገር እንጂ ቀጭን እንዳይቀምሱ አስጠነቀቀን። ስለዚህ የአርብ ገበያን ተልባ እየቆላሁ፣ እየወቀጥሁ፣ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣቸው ጀመር።

ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተልባውን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ማየት ሱስ ሆነብኝ። ከገደሉ ጉም ሲወጣ መስታወቱ ይነጣል፤ ተልባው ውስጥ ብናኞቹ አይሰምጡም፣ አይንሳፈፉም፣ በእንቅልፍ ልብ እንዳለ ሰው ላወስ ላወስ ይላሉ። አንድ ጠብታ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ደቃቆቹ ማንም ሳይነካቸው ይርገበገባሉ፤ ሌሎቹ ተያይዘው ልል መረብ ሠርተዋል። ሲበጠብጡት መረቡ ተፈትቶ ይፈስሳል፤ ሲተዉት መልሶ ይያያዛል። አቤት፣ ስንቱን ሰዓት እዚያ ውስጥ ጠፍቼ ቀርቻለሁ! አባየ ሥራ ፈት ይሉኝ ነበር።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠበል አማራቸው። የነፍስ አባታችን ይዘው መጡ፤ አባየም ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ቀጭን ውሃ ነውና ፈራሁ። ተልባ ልጨምርበት ስል አባየ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ለእሳቸው ጠበል አይበረዝም። ድሮ እኛ ልጆቻቸው ስንጨቃጨቅ «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብለው ዝም ያሰኙን ነበር። ዛሬ ግን ዝም አላልሁም። ትን ብሏቸው ከሚሞቱብኝ ኩነኔው በእኔ ይሁን ብዬ ቄሱ እግር ላይ ወደቅሁ።

ቄሱ ጺማቸውን እየዳበሱ፣

«ጌታችንም ዕውሩን ያበራው በምራቁ አፈር ለውሶ ነው» አሉ። «ጨምሪው።»

አባየ ቀስ ብለው ዞሩ፤ አማተቡ። ጠበሉን ከተልባው ጋር በጠበጥሁና በማንኪያ ሰጠኋቸው። ጉሮሯቸውን እያየሁ ትንፋሼን ያዝሁ። ወረደ። ሌላ ማንኪያ፣ ደግሞ ሌላ። ሳል የለም።

የጠበል ትራፊ አይደፋምና የቀረውን በደህና እጃቸው ወደ እኔ ገፉት። ልጠጣ ስል እንባዬ ቀደመኝ፤ እኔው ትን አለኝ። አባየ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣ በግማሽ አፋቸው እየሳቁ፣

«አይዞሽ ልጄ፣ አለሁ» አሉኝ።