የጠፉትን የቀበረው ትእዛዝ

በአንድ ሐኪም ቤት ምድር ቤት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ «እትዬ ትእዛዝ» ይሏታል። ሌላው ማውስ ይዞ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግበትን የስታትስቲክስ ፕሮግራም፣ እሷ በጽሑፍ እያዘዘች ነበር የምታሠራው።

«እትዬ፣ ባልሽንም እንዲህ ነው የምታዢው?» ይሏታል ባልደረቦቿ።

«ኮምፒውተሩማ ይሰማል!»

ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌው አለቃዋ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። የሕንፃው ደረጃ ላይ አቁመዋት፣ «ፕሮግራሙ የሚሥለው የሕይወት መስመር ልክ እንደዚህ ደረጃ ነው፤ ሕመምተኞቹ ሁሉ ከላይ ይነሣሉ» አሏት። «ሰው በሞተ ቁጥር መስመሩ ደረጃ ይወርዳል። መምጣት ያቆመ ሰው ግን አያወርደውም። እስከታየበት ቀን በሕይወት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አናውቅም። መስመሩ ላይ ትንሽ ጭረት አድርገንለት እናልፋለን።»

አይ ጊዜ! ያን ቀን ጉልበቷም ደረጃውን አይፈራም ነበር።

ታናሽ ወንድሟ እዚያው ሐኪም ቤት ሳንባውን ይታከም ነበር። ሻል ሲለው ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። እናታቸው ጥሎት የሄደውን ጫማ እየወለወለች በር ሥር ታስቀምጣለች፤ «ሲመጣ እግሩ ምን ሊያገኝ ነው?» እያለች።

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስታዝዝ ነው ነገሩ የመጣው። ሰንጠረዡ ላይ ለሞተ አንድ፣ ላለ ዜሮ ተጽፏል፤ ወሬው ያልታወቀ ባዶ ነው። «ከዜሮ የሚበልጠውን ሁሉ ሞተ በል» ብላ አዘዘች። መስመሩ ገደል እንደገባ ቁልቁል ወረደ። ምን ነካው ብላ መዝገቡን ስታይ፣ የወንድሟ የካርድ ቁጥር ፊት ለፊት አንድ ተጽፏል። ክው አለች።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ሞቷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ይኸው፣ አንድ ይላል!»

አለቃዋ መነጽራቸውን አድርገው ትእዛዟን አነበቡ። «ተይ፣ ተይ ልጄ! ይኼ ጅል ፕሮግራም እኮ ባዶውን ቦታ ከቁጥር ሁሉ የሚበልጥ አድርጎ ነው የሚያየው። የጠፉትን በሙሉ ቀበርሻቸው! ‹ባዶ ካልሆነ› የምትል ጨምሪበት።»

ጨመረች። መስመሩ ቀና አለ፤ ወንድሟም ከሙታን ወጥቶ ጭረት ሆነ። ደስታ ይሁን ኀዘን ሳታውቀው እንባዋ ወረደ።

ማታ እናቷ በር ላይ ጠበቀቻት። «ዐይንሽ ምን ሆነ?»

«ሽንኩርት።»

«ቢሮ ውስጥ?»

እናቷ ጫማውን አንሥታ መወልወል ያዘች።

ዘመኑ ነጎደ። አለቃውም እናትየዋም አለፉ፤ እትዬም ጡረታ መውጫዋ ደረሰ። አዲሷ አለቃ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እነዚህ የጥንት ጠፊዎች እስካሁን በሕይወት ይኖራሉ ብለሽ ነው? ሞቱ ብለን ብንዘጋቸውስ?»

እትዬ የወንድሟ ካርድ ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይህኛው መሞቱን የነገረሽ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው እኔም አልነገርኩሽም።»

ልጅቷ አየቻት፤ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «እሺ እትዬ፣ እንዳለ ይቆይ» አለች።

እትዬ ያችን የድሮ ትእዛዝ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈች፤ «ባዶ ካልሆነ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበበቻት። መስመሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ተሣለላት። የወንድሟን ጭረት በጣቷ ዳበስ አድርጋ ቦርሳዋን አነሣች። መንገድ ላይ ከሱቅ ጎራ ብላ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዛች፤ የቤቱ አልቆ ነበር።