ግስ ፍለጋ፦ ከአምቦ እስከ ሸነን

ከአምቦ መነሳት

ከአምቦ የወጣሁት ግስ ፍለጋ ነው። ቀልድ አይደለም። ግጥሞቼን የማወጣባት፣ ራሴ ተምሬ ራሴ የሠራኋት አንዲት ድረ ገጽ አለችኝ። አንባቢዎቿ ከእጄ ጣቶች አይበልጡም። ከእነሱ አንዱ፣ ጎጆ ከተማ አማርኛ የሚያስተምሩ ኦቦ ዳባ የሚባሉ ሰው፣ በኅዳር መጀመሪያ እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ግጥሞችህ ደስ ይላሉ። ግን ለምንድን ነው ግስ የሌላቸው?»

ገጿን በላፕቶፔ ከፈትኩ። ግሶቹ አሉ። በስልኬም፣ የጎረቤቴን ስልክ ለምኜም አየሁ፤ እዚያም አሉ። ከስልክዎ ላይ ፎቶ ይላኩልኝ ብላቸው የጎጆ ኔትወርክ አላሳልፍ አለ። አንድ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም፣ በየብሮውዘሩ፣ የተለያየ መልክ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ግን ያላየሁትን ጥፋት እንዴት አድርጌ ላርመው?

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ጫልቱ ጎጆ ናት። ነርስ ናት፤ የተዋወቅነው አምቦ ስትማር ነው። ጎጆ ስትመደብ «እኔና አንተ ግን ምንድን ነን?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊት ለፊት መመለስ ፈርቼ ግጥም ጻፍኩና ሊንኩን ላክሁላት። የመለሰችልኝ «አነበብኩት። ገባኝ።» ብላ ብቻ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ሌላ ቃል የለም። እምቢታ ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ሲለመድ እንደ ቤት ዕቃ ይሆናል፤ ሳያዩት ዞረውት ያልፋሉ።

ከጊንጪ ሽቅብ

በጠዋት ሚኒባስ ጊንጪ ወርጄ ጎጆ የሚሄደውን መኪና ያዝኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ የታጨደው ገብስ በየማሳው ተከምሮ ይታይ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በእግራቸው መሃል የዘር ድንች ይዘዋል።

«ምን ሠርተህ ትበላለህ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው፣ አዴ።»

«ጎጆ ምን ተበላሸ ታዲያ?»

«እሱን ላይ ነው የምሄደው።»

ሳቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ጎጆ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት

መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በአሥር ብር በላሁ። ድንቹ ከሚነፍሰው ብርድ ጋር ሲፎካከር ሞቅ ያለ ደስታ ነበረው። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። ኦቦ ዳባ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

«አካም ኦልቴ፣ ገጣሚው! ረዘም ያልክ መስሎኝ ነበር። ለካ አንተም ተቆርጠህ ነው የቀረኸው!»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ገጿን ከፈቱልኝ። ትንሽ ስልክ ናት፤ ብሮውዘሯም የቆየ፣ ዳታ ለመቆጠብ የሚመረጥ ዓይነት። የገጿ ቀለም የለም፤ ፊደሎቼ ተለቅ ብለው ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ግን ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተቆርጧል። በአማርኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገር የሚቋጨው በግስ ነው።

«እኔ አዲስ አጻጻፍ መስሎኝ ነበር» አሉ ኦቦ ዳባ። «ባዶ ቦታውን ሙሉ ብዬ ለክፍሌ ሰጠሁት።»

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። የአከራዬ አባት የቦታ ሰነድ አለ፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጻፈችበት፣ ቃላቱ እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ የተለያዩበት። አየሁትና ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ግጥሞቼን ሁሉ በቃላት መሃል ባዶ ቦታ ሳልተው በሁለት ነጥብ እጽፋለሁ። የእኔ ብሮውዘር ሁለት ነጥቡ ቃል እንደሚለይ ስለሚያውቅ ቦታ ሲጠበው ቀሪውን ወደ ታች ያወርደዋል። የእሳቸው አያውቅም። ስንኙን በሙሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ቆጥሮ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። እኔ ደግሞ ገጿ ንጹሕ እንድትመስል ብዬ ከጠርዝ የሚተርፈው ሁሉ እንዲደበቅ አዝዣለሁ።

ጣቴን በስልኩ ላይ እየገፋሁ ለጫልቱ የጻፍኩት ግጥም ጋ ደረስኩ። የመጨረሻው ስንኝ እንዲህ ይል ነበር፦

ነይ፡ብዬ፡አልልሽም፡በሬን፡ግን፡አልዘጋም።

ስልኩ የሚያሳየው ይህን ነው፦

ነይ፡ብዬ፡አልልሽም፡

«ይህ ስልክ ጎጆ ውስጥ ስንት ሰው ጋ ይኖራል?» አልኳቸው።

«መምህሩም የጤና ጣቢያው ሰውም የገዛነው ከአንድ ሱቅ ነው። ምነው ፊትህ ተለወጠ?»

ጫልቱ ጎጆ እንደገባች፣ ግጥሙን ሳልልክላት በፊት፣ አዲስ ስልክ ገዛሁ ብላኝ ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ተካሁት፤ ደብቅ የሚለውንም ትእዛዝ ሰረዝኩ። በኦቦ ዳባ ስልክ እንደገና ስንከፍተው ስንኙ ታጥፎ ወረደ። «በሬን ግን አልዘጋም» ብለው ጮክ አድርገው አነበቡ፤ ከዚያ የአንዲት ተማሪያቸውን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ልጅቷ ባዶ ቦታው ላይ «እኔው እመጣለሁ» ብላ ሞልታለች።

«የእሷ አይሻልም?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ጫልቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ሸነን መዛወሯን ነገሩኝ። አልጋ ይዤ በሦስት ብርድ ልብስ አደርኩ።

ሸነን

በማግስቱ በመጣሁበት ተመለስኩ። አምቦ መኪና ቀየርኩ እንጂ ቤቴ አልገባሁም፤ ቤቴ ማንም አይጠብቀኝም። በጉደርና በጥቁር እንጭኒ አድርጌ ሸነን ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጫልቱ የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?»

ቆሜ፣ ስለ ብሮውዘርና ስለ ሁለት ነጥብ፣ ስለተደበቀው ትርፍ አስረዳኋት። ስንኙን በቃሌ እስከ መጨረሻው አልኩላት።

«በርህ ክፍት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«አራት ወር ሙሉ ብርድ አልመታህም ታዲያ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ሸነንን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ታውቃለህ? ነይ የማይለኝ ሰው ካለ፣ ጎጆ ለአምቦ መቅረቡ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ብትደውልልኝ ኖሮ እኮ ስልኩ አይቆርጠውም ነበር።»

ስልኳን ተቀብዬ ገጿን ልከፍትላት ሞከርኩ። የእሷም ያችው ዓይነት ትንሽ ስልክ ናት። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ አልከፍት አለች።

«ኔትወርክ ሲመጣ አየዋለሁ» አለችኝ። «ሂድ፣ የመጨረሻው መኪና ያመልጥሃል።» ከውስጥ ሰው ጠራት፤ ገባች።

ቤት

አምቦ ስገባ ክፍሌ እንደተውኳት ናት። ላፕቶፑን ከፍቼ ገጿን አየኋት፤ እንደ ወትሮው አምራለች። ሁልጊዜም እዚህ፣ በእኔ መስኮት፣ እንዳማረች ነበር። የጻፍኩት ነገር አንባቢው ጋ እንዴት እንደሚታይ ሄጄ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የተናገርኩት እንደደረሰ የማምነው እኔ ጋ ሙሉ ሆኖ ስለሚታየኝ ነው። የተማሪዋን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ግጥሙን ግን አልቀየርኩም። የልጅቷን «እመጣለሁ» ሸነን ድረስ ሄጄ ፈጽሜዋለሁ፤ የእኔ ስንኝ ደግሞ ለአራት ወር የዘገየ ቢሆንም እንደተጻፈ ሊደርሳት ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ፎቶ ደረሰኝ፤ የጫልቱ ስልክ ነው፣ በጓደኛዋ ስልክ የተነሳ። ስክሪኑ ላይ ስንኙ ታጥፎ፣ ግሱ ከታች ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። የእሷ አውራ ጣት ጥግ ላይ ይታያል።

ከፎቶው ጋር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ምናልባት የተቆረጠ ቃል ይኖር እንደሆነ ብዬ፣ በጣቴ ወደ ጎን ገፋሁት።