ሰማያዊ የለበሰው ሰውዬ

ሱዳን ጠረፍ ባለችው ዶካ ሰሊጥ አጫጆች ካራቴ ፊልም ሊያዩ ከመግባታቸው በፊት ባንታምላክን ይጠይቃሉ። እሱም አጫጅ ነው፤ ለአንድ አዝመራ ብሎ ከአርማጭሆ መጥቶ ይኸው አራተኛውን ያጭዳል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ረሒማ አዲስ ፊልም ባመጣች ቁጥር ዓርብ ጠዋት ለብቻው ታሳየዋለች። ሲወጣ የሚናገረውን በር ላይ የተኮለኮለው ሁሉ ይጠብቃል። ዋሽቶ ስለማያውቅ ያምኑታል። ጣጣውም ይኸው ነው፤ ያለፉትን ሦስት ፊልሞች አጣጥሎ ቤቷን ባዶ አስቀርቶባታል።

"ስማ፣ አንተ ልጅ፤ ይህንንም ካረከስክብኝ ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም። ወላሂ!" አለችው በዚህኛው ዓርብ።

"እሺ፣ እትዬ ረሒማ።"

ፊልሙ ግን የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ነጭ የለበሰው ጀግና ሠላሳ ሰው ሲደበድብ አያልበው፣ ውሃ አይጠጣ፣ ልብሱ እንኳ አይቆሽሽ! ቀኑን ሙሉ በዶካ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው በዚህ አይታለልም። ባንታምላክ ጨነቀው። እውነቱን ቢናገር ከሳምንቱ ያለችውን አንዲት ደስታ ሊያጣ ነው፤ ቢዋሽ ደግሞ ከእንግዲህ ማን ይሰማዋል?

ሲወጣ ከበቡት።

"እህሳ ባንቴ፣ ጀግናው እንዴት ነው?" አለ አብሮት የሚያጭደው ቻላቸው።

"እሱን ተዉት። ገና ዛሬ ከቁም ሳጥን የወጣ ነው የሚመስለው።"

ረሒማ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን አጉረጠረጠች።

"ግን አንድ ሰማያዊ የለበሰ ሰውዬ አለ፤ ከክፉዎቹ ወገን። ስም እንኳ አልሰጡትም። ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ይነሳል። በሦስተኛው ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። የምሬን ነው፣ ልክ እንደኛ! እሱን እዩልኝ።"

"ተሸናፊ ልናይ?" አለ ቻላቸው።

"አንተ መቼ አሸንፈህ ታውቃለህ?"

እየተሳሳቁ ገቡ። ሰማያዊው ሰውዬ መጀመሪያ ሲወድቅ "ማለሽ! አይዞህ!" አሉት። ሁለተኛ ሲወድቅ "ተነስ እንጂ!" ብለው ጮኹ። በሦስተኛው ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ፣ ቻላቸው ከአግዳሚው ብድግ ብሎ የውሃ ጆጉን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ፤ "ጠጣ ወንድሜ፣ ቆላው አይቻልም!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጀግናው መጨረሻ ላይ ሲያሸንፍ ያጨበጨበለት አልነበረም።

ባንታምላክ መቀመጫ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ረሒማ የራሷን በርጩማ አምጥታ አጠገቡ አኖረችለት።

"ተቀመጥ" አለችው፤ "አፍህን ግን አሁንም አልወደድኩትም።"