«እመጣለሁ» ያሉት ሁሉ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሊዲያ፣ ጎንደር ወዳለው ቤቴ ለምሳ መጥታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ ተማሪው በግቢው ዝግጅቶች ላይ እንዲሳተፍ የሚቀሰቅስ አፕ እየሠራች ነው። «አዩት ጋሼ? ዝግጅቱ ገና ሳይደርስ ይኼ ሁሉ ሰው እመጣለሁ ብሏል!» አለችኝ። ከቁጥሩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ሳይ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። እኔም በወጣትነቴ፣ ገንዳ ውሃ ኮሌጅ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ቁልፍ ሠርቼ ነበር።

ያኔ በኮሌጃችን ዝግጅት ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ የሚታየው ባዶ ወንበር ነበር። አልፈርድም፤ በዚያ የቆላ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ማን ከጥላ ይወጣል? ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ካላጨዱት ይረግፋል፤ ስለዚህ ተማሪው ቅዳሜና እሑድን ኮኪት እርሻዎች ድረስ ወርዶ ያጭዳል። እኔ የኮምፒዩተር ተማሪ ነበርኩ፤ ጎበዝ የሚሉኝ፣ እኔም ያመንኩ። አንድ ክረምት ሙሉ ላቤን እየጠረግሁ «እንገናኝ» ያልኩትን አፕ ሠራሁ። ዝግጅት ይለጠፍበታል፣ ሥሩ «እመጣለሁ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ቁልፉን የተጫነ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡ የበዛለት ስሙ ከላይ ይወጣል። ስሙን ከላይ ማየት የሚጠላ ማን አለ? ተማሪው በአንድ ሳምንት ጣቱን አፍታታ። የተማሪዎች ዲን ቁጥሩን ባዩ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር። ያ እጅ እንዴት ይጥመኝ እንደነበር ዛሬም አልረሳሁትም።

ደሳለኝ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ ከጎጃም የመጣ፣ ረጅምና ዝምተኛ። ስልኩ ከመደወልና ከመብራት በቀር ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ በእኔ አፕ ውስጥ ስሙ የለም። ዝግጅት በተጠራ ቁጥር ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አንድ ጠዋት ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል እየበላን፣ «አንድ ነገር ብልህ ትቀየመኛለህ?» አለኝ።

«ተናገር እንጂ።»

«ሰው ስለተጫነ ነጥብ ከሰጠኸው፣ ምን ሊሠራ ይመጣል? ስትመጡ እሰጣችኋለሁ በላቸው።»

እውነቱን ነበር፤ እኔም ቀድሜ አውቄዋለሁ። ማስተካከሉ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ይወርዳል፣ የዲኑም እጅ ከትከሻዬ ይነሳል። «አየዋለሁ» አልኩት። አላየሁትም።

በኅዳር ደሳለኝን ወባ ጣለው። ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ተኝቶ ቅዳሜ ጠዋት አረፈ። አባቱ አቶ አያሌው በዚያ ዓመት ልጃቸው ካለበት ልቅረብ ብለው ለሰሊጥ አጨዳ ኮኪት ወርደው ነበር፤ ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው እንደያዙ፣ ከአንድ የሥራ ጓደኛቸው ጋር ደረሱ። ጎጃም ሩቅ ነው፣ ሙቀቱም አስከሬን አያቆይም። ቀብሩ ለዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። አቶ አያሌው ከጤና ጣቢያው ግንብ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከእንባው በፊት ጭንቀታቸው ወጣ።

«ልጀ፣ እኔ እዚህ ዘመድ የለኝ፣ እድር የለኝ። ቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ ነው። አራት ሰው ብቻውን አይዘልቀውም፤ ተቀባይ ይፈልጋል። ማን ይሸከምልኛል?»

ስልኬን አወጣሁና ቀብሩን «እንገናኝ» ላይ ለጠፍኩት። እንደሌላው ዝግጅት ሁሉ፣ ከነቁልፉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መቶ ስልሳ ሁለት ሰው «እመጣለሁ» አለ። አሳየኋቸው። «አባቴ፣ አይጨነቁ። ይኼ ሁሉ ሰው ይመጣል።» ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ስልኩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ለእሱ?» አሉ። ጓደኛቸው ኮኪት ተመልሶ ሠራተኞቹን ላምጣ ሲላቸው፣ «ተዋቸው፣ ውሏቸው አይበላሽ፤ ተማሪዎቹ አሉልኝ» አሉት። ቆሜ እየሰማሁ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣነው እኔና ሁለቱ የደሳለኝ የዶርም ጓደኞች፣ አንዲት መምህርት፣ አቶ አያሌውና ያ የሥራ ጓደኛቸው ነበርን። እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቅን፤ ቄሱም ተነሱ አሉ። ቃሬዛውን አራታችን አነሳን። ከመንገዱ እኩሌታ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ አቧራው አፌን ሞልቶታል፣ ዞር ብዬ ብፈልግ የሚቀበለኝ የለም። አቶ አያሌው ከኋላዬ መጡ። «ወዲያ በል ልጀ፣ ደክሞሃል» አሉና ከእንጨቱ ሥር ገቡ። አባት የልጁን አስከሬን ተሸክሞ ሲሄድ፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ተከተልኩ።

ወደ አብርሃ ጅራ የሚሄድ፣ የቀን ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ አልፎን ትንሽ ሄደና ቆመ። ሰዎቹ ዘለው ወረዱ። በአነጋገራቸው ወሎዬዎች ነበሩ፤ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም፤ ሽማግሌውን ከእንጨቱ ሥር አወጧቸውና እየተቀባበሉ አደረሱልን።

ከቀብር በኋላ አቶ አያሌው እጄን ያዙኝ። «ያን ስልክህን አውጣ። ልጆቹን አንድ ነገር ቢያስቀራቸው ነው እንጂ አስበውለታል። ስማቸውን ጥራልኝ፣ ልመርቃቸው።»

ለነጥብ ነው የተጫኑት ማለት ነበረብኝ። ይልቁንስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ መቶ ስልሳ ሁለት ስም አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ስም ላይ ባርኔጣቸውን ከፍ እያደረጉ፣ ከልባቸው፣ «ቀባሪ አያሳጣው፣ ቀባሪ አያሳጣት» አሉ። አንዱንም አልዘለሉም።

ሰኞ ዕለት አፑን ዘጋሁት። ለዲኑ ተበላሽቷል አልኳቸው። እውነቱን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሊዲያ አሁንም ስልኳን እንደደቀነች ነው። «ምን ይሻሻል ጋሼ?»

«ስለተጫኑ ነጥብ አትስጪ። ሲመጡ ስጪ።»

«ቁጥሩ ይወርድብናል እኮ!»

«ይውረድ።»

ጥቂት አሰበችና፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው። ከየት አመጡት?» አለችኝ።

የደሳለኝን ስም ነገርኳት።