ግንበኛ የተባሉት ገዢዎች

ተከራይ ያለበትን ቤት የሚሸጥ ሰው፣ ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ለተከራዩ ይንገር። ደባርቅ ላይ ይህን የማይመክር ደላላ የለም። ነሲባም ታውቀው ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አላት።

ነሲባ በርበሬ ነጋዴ ናት። ቤቷ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ያረጀ፣ ከኋላው አንድ የኪራይ ክፍል ያለው። በዚያች ክፍል በለጠች የምትባል፣ ለቱሪስት የሱፍ ኮፍያ የምትሠራ ሴት ብዙ ዓመት ተቀምጣለች። በለጠች በፋሲካ ዶሮ ከነነፍሷ ታመጣላታለች፤ ነሲባ በራሷ ወገን አሳርዳ ትበላለች። እንዲህ ነው የኖሩት።

የደባርቅ ብርድ የነሲባን ጉልበት ጨረሰው። ልጇ ሀናን ከጎንደር "ነይ" ካለቻት ቆይታለች። ግን ቤቱ ሳይሸጥ መሄድ የልጅ እጅ እያዩ መኖር ነው። ስለዚህ ለደላላው ለዘመነ ነገረችው። ለበለጠች ግን "ጣሪያውን ላሳድስ ነው፤ ግንበኞች እየመጡ ያያሉ" አለቻት።

በለጠች ደግሞ ማገዝ ትወዳለች። ገዢ በመጣ ቁጥር እጁን ይዛ የሚያፈሰውን ሁሉ አሳየች። ሁለት ገዢ ሸሸ።

"እትዬ ነሲባ፣ ሴትዮዋ ቤቱን በቁሙ አፈረሱብኝ። ኧረ ይንገሯቸው!" አለ ዘመነ።

"ነገ እነግራታለሁ።"

"የእርስዎ ነገ መቼ ነው የሚነጋው?"

ሦስተኛው ሀብተ ሚካኤል ነበር፤ ልጆቹን ደባርቅ የሚያስተምር የዳባት እህል ነጋዴ። በለጠች ተቀበለችው።

"ና ጌታው፣ ክረምት እዚህ ጋ ድስት እደቅናለሁ። አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ላይ ነው የሚደፋው፤ ምርጊቱን ጫን በለው፣ አየህ? እርጥብ። ቆርቆሮ ብቻ ቀይረህ ብትሄድ ገንዘቧን በላህ ማለት ነው።"

"እናቴ፣ እኔ ግንበኛ አይደለሁም። ቤቱን ልገዛ ነው የመጣሁት።"

በለጠች ወደ ነሲባ ዞረች። "በቀደም የመጣው ረጅሙስ?"

"እሱም ገዢ ነው።"

"ካፖርት የለበሰውስ?"

"እሱም።"

"እኔ እኮ፣ ይሄ ሁሉ ግንበኛ መጥቶ አንድ ሚስማር የሚመታ ይጥፋ? እያልኩ ነበር!"

ዘመነ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሀብተ ሚካኤል ግን አልሸሸም። "ሌላው ቤት ትኩስ ቀለም ብቻ ነው የሚያሳዩኝ። የዚህን በሽታ አወቅሁት" አለ። የሚያሠራውን ከዋጋው አስቀንሶ ተስማማ። የኋላዋ ክፍል ግን ለልጆቹ ባዶ ትፈለጋለች።

ሰዎቹ ሲወጡ በለጠች፣ "ብትነግሪኝ እወጣልሽ ነበር" አለች።

"ፊትሽን ማየት ከበደኝ።"

"አሁንስ ቀለለሽ?"



በማግስቱ ዘመነ፣ "የመልቀቂያ ጊዜ ይስጧቸው እንጂ ክፍል ፍለጋ የሻጭ ሥራ አይደለም" ብሎ መከራት። ልክ ነው። ነሲባ ግን ጉልበቷን እየጎተተች ከበለጠች ጋር ቤት ለቤት ዞረች። አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ውድ፣ አንዱ ጨለማ ሆነ። በመጨረሻ ዓለምዬ የምትባል አከራይ ደህና ክፍል አሳየቻቸው።

"እንዴት ያሉ ተከራይ ናቸው?" ስትል ነሲባን ጠየቀቻት።

"ውሸት የሌለባት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"በቃሽ ነሲባ" አለች በለጠች፤ "እዚያ ደረጃ ላይ አረፍ በይ፣ ጉልበትሽን ገደልሽው።" ከዚያ ወደ ዓለምዬ ዞራ፣ "ቤቱን ለመሸጥ ካሰብሽ ግን አሁኑኑ ንገሪኝ" አለቻት።